ከአፌ ያልወጣው ቴአትር

«አንድ ትልቅ ቴአትር ትሠሪና ዓመት ሁለት ዓመት ድራሽሽ ይጠፋል። ኮራሽ እንዴ?» ይሉኛል። ምን ኩራት አለ! አንዳንዱ ደግሞ «አርጅታለች፣ ቃል መያዝ አቅቷታል» እያለ ያማኛል። የማንን ጭንቅላት ነው የሚያሙት? የእኔን? ድርሰት አንዴ ካነበብኩ ከራሴ አልፌ የሌላውንም ቃል የምይዝ ሰው ነኝ። በቴአትር ቤታችን መድረክ ላይ ቃል የጠፋበት ሁሉ ዓይኑን የሚጥለው እኔ ላይ ነበር። መከራዬም ከዚሁ መጣ።

ቀጮ የመድረክ ባሌ ነው። ቀጮ የምንለው ሆዱ ቀድሞት በር ስለሚገባ ነው። አብረን ስንኖርበት በከረምነው መድረክ ስንት ጊዜ አግብቶኛል፣ ስንት ጊዜ ፈትቶኛል። እውነተኛው ባሌ ማታ ስገባ «ያኛው ባልሽ እንዴት ዋለ?» እያለ ይቀልድብኛል። ቀጮ የቤት ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ከቴአትር ቤቱ ሌላ ቤት የለውም ማለት ይቻላል። ልምምድ በሌለበት ቀን እንኳ መጥቶ ባዶ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አራት ዓመት ሙሉ የሠራነው ቴአትር ከመድረክ በወረደ በወሩ አዘጋጁ አዲስ ድርሰት ይዞ መጣ። የድሮ አስተማሪዎቻችን «አሮጌው ቃል ከአፍሽ ሳይወጣ አዲስ አትጉረሺ» ይሉን ነበር። ነገርኩት። «እትዬ፣ ተመልካቹ ሳይረሳን ነው እንጂ» አለና ዘጋኝ።

ነገሩን ያከፋው፣ አሮጌው ቴአትር ላይ ቀጮ በድሎኝ ይመጣል፣ ተንበርክኮ «ይቅር በይኝ» ይላል፣ እኔ ከቤት አባርረዋለሁ። አዲሱም ላይ በድሎኝ ይመጣል፣ ተንበርክኮ «ይቅር በይኝ» ይላል። እዚህ ግን ይቅር እለዋለሁ። ያው ሰውዬ፣ ያው ልመና፣ መልሱ ብቻ ሌላ።

ቀጮ አዲሱ ቃል አልያዝ አለው። ግራ ሲገባው እያየን ልምምዱ አለቀ። አዘጋጁ አንድ ቀን በሁላችን ፊት «ጋሼ፣ በቴአትሩ ምረቃ ዕለት ከሳቱ ተጠባባቂ ተዋናዩ በእርስዎ ቦታ ይገባል። ከዚያ በኋላ ቤትዎ ይረፉ» አለው። ቀጮ አንገቱን ደፋ። እኔ ደሜ ፈላ። «አይዞህ፣ እኔ እያለሁልህ!» አልኩት። ከዚያ ወዲያ ሳሎኔ ውስጥ እያስቀመጥኩ፣ እየተቆጣሁም እያባበልኩም፣ ላብ በላብ እስኪሆን አስጠናሁት።

የምረቃው ዕለት አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። አዘጋጁ ከጎን መጋረጃው ሥር ቆሟል፣ ተጠባባቂው አጠገቡ ነው። ቀጮ የመጀመሪያውን ገቢር ያለ እንከን ተወጣው። የይቅርታው ትዕይንት ደረሰ። ተንበረከከ። ቃሉን አንድ በአንድ፣ ሳይሳሳት ተናገረ። «ይቅር በይኝ» አለ። በልቤ «በርታ፣ በርታልኝ» እያልኩ ለእሱ ስጨነቅ ለራሴ ማሰቡን ረሳሁት።

«በሩ ያውልህ!» አልኩት። «ከእንግዲህ ደጄን እንዳትረግጥ!»

የአሮጌው ቴአትር ቃል ነበር። ክው ብዬ ቀረሁ። ቀጮ ቀና ብሎ አየኝና ፊቱ በራ። የሚያውቀው መንገድ ላይ መለስኩታ! ብድግ ብሎ የአሮጌውን ቴአትር ስንብት ጀመረ። በአራት ዓመት ውስጥ እንደዚያን ዕለት አሳምሮ ተናግሮት አያውቅም። «ቆይ፣ ተመለስ!» ብዬ ጮህኩ። ተመለስ የሚል ቃል በሁለቱም ድርሰት የለም፣ ምን ብሎ ይስማኝ? በሩን ከፍቶ ወጣ። አሮጌው ቴአትር በዚህ ያበቃል፤ አዲሱ ግን ገና አንድ ገቢር ይቀረዋል።

ተከትዬው ሮጥኩ። ከበሩ ጀርባ የመድረክ ካፖርቱን አውልቆ ላቡን እየጠረገ ይስቃል።

«አየሽልኝ? አንዲት ቃል አልሳትኩም!»

እሱ ጆሮውን ወደ አዳራሹ ጣል አደረገ። ሳቁ ጠፋ።

«ለምን አያጨበጭቡም?» አለ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «የትኛውን ነው የሠራሁት?» አለኝ።

«እኔ ነኝ! እናቴ ትሙት የሳትኩት እኔ ነኝ፣ አንተማ እኔን ተከትለህ ነው!» አልኩት። አዘጋጁ እየሮጠ ደረሰ። እሱም ላይ ያንኑ ጮህኩበት። እሱ ግን የሚያየው ቀጮን ብቻ ነበር።

ቀጮ እጄን ያዘኝ። «አንቺ? አንቺ መቼ ስተሽ ታውቂያለሽ?» አለ። «ለእኔ ብለሽ ስምሽን አታጥፊ፣ እህቴ።» ተጠባባቂውን ጠራና ካፖርቱን በገዛ እጁ አለበሰው። አንገትጌውንም አስተካከለለት። እኔ አለቀስኩ፣ ለመንኩት፣ አልሰማኝም።

ተመልሼ ገባሁ። ተጠባባቂው ተንበረከከ፣ ይቅር አልኩት፣ ሰው አጨበጨበ።

እንግዲህ አሁን አንድ ቴአትር ስጨርስ ቤቴ እቀመጣለሁ። ልብስ ሳጥብ፣ ቤት ስጠርግ ያለፈው ቃል ሳላስበው ከአፌ እያመለጠ ይወጣል። ጨርሶ እስኪጠፋ አዲስ አልነካም። ኩራት ነው ካሉ ይበሉ። ቀጮ ግን ከዚያ ወዲህ መድረክ አልረገጠም። ለጠየቀው ሁሉ «ቃል ጠፍቶብኝ ነው፣ እሷ ልትሸፍንልኝ ብዙ ደከመች» ይላል። እኔ ያልነገርኩት ሰው የለም። የሚያምነኝ አጣሁ፣ ከሁሉም ከሁሉም እሱ አላመነኝም። መንገድ ላይ ባገኘኝ ቁጥር ቆም ብሎ ያመሰግነኛል።