የተሰፋ ጎማ

መርፌው ጎማው ላይ ተሰንቅሮ አልወጣም አለ። ልብስ ሰፊዋ በጣቷ ጎተተችው፤ እምቢ አላት። በጥርሷ ነክሳ ጎተተችው፤ አፏን ላስቲክ ላስቲክ አለው እንጂ ንቅንቅ አላለም። ከቦርሳዋ ፒንሳ አውጥታ ስትመዘው ነው ከነክሩ ሹልክ ያለው።

"አንቺ! ጎማም ይሰፋል እንዴ?" የአልጋ ቤቱ ባለቤት ሳታንኳኳ ገብታ በሩ ላይ ቆማለች።

"እዚህ ቤት ያልሰፋሁት እሱ ብቻ ነበር።"

ባለቤቲቱ ሳቀች። ስትስቅ ያቀፈችው መጋረጃ ሆዷ ላይ አብሯት ተንቀጠቀጠ። ከዚያ መጋረጃውን አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠችው። ጠርዙ ተተርትሮ ይታያል።

ልብስ ሰፊዋ እዚህ ቤት የገባችው ከትናንት ወዲያ ነው፤ ዝናብ አበስብሷት፣ የብስክሌቷ የኋላ ጎማ ስል ድንጋይ ላይ ተቀዶ፣ እየገፋች። አንድ ሌሊት አድራ፣ ጎማውን አበጅታ ልትሄድ ነበር ሐሳቧ። በማግስቱ ጠዋት ግን ባለቤቲቱ፣ "የታች ድልድዩን ጎርፍ ወስዶታል፤ ወፍ እንኳ አታልፍም" አለቻት። ቀረች። እጇን አጣጥፋ ላለመቀመጥ ስፌቱ የለቀቀ የትራስ ልብስ ጠቀመች። ከትራስ ልብሱ ቀጥሎ አንሶላ መጣ። ከአንሶላው ቀጥሎ የባለቤቲቱ ቀሚስ። አሁን ደግሞ መጋረጃ።

ክፍሉ አልጋውና ብስክሌቱ ከገቡበት በኋላ ለሰው የተረፈው በጎን የሚታለፍበት ቦታ ነው። መስኮቱ ሲከፈት የጎረቤትን የብሎኬት ግድግዳ ያሳያል፤ ሌላ የሚያሳየው የለም። ቤቱ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ፣ ከጭቃ መንገድ ወዲያ ነው የተሠራው። በዚያ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ስለሚውል መኪና ይለፍ አይለፍ አይሰማም።

"ዛሬስ ስለ ድልድዩ ምን ተባለ?"

"ኧረ ተይኝ! የሚያባርርሽ አለ?" ባለቤቲቱ አልጋው ላይ ቁጭ አለች። "እዚህ ቤት ሁለት ሌሊት ያደረ ሰው እኮ የለም። ሁሉም ጎኑን አሳርፎ ውልቅ ነው። ከሰው ጋር ማውራቱን ረስቼው ነበር፣ ስሞትልሽ።"

ስልኩ ጮኸ። የልብስ ሰፊዋ ታላቅ ወንድም ነው።

"አቤት፣ ወንድም ጋሼ።"

"የት ነሽ?"

"ትናንት የነገርኩዎት ቦታ።"

"ጥሩ። እንዳትነቃነቂ። ስሚ፣ የተማሪዎቹን ዩኒፎርም ተቀብያለሁ። ጨርቁ ተቆርጦ ወንበርሽ ላይ ተቆልሏል።"

"ማን ይቁረጡ አለዎት?"

"ምን ማለት ነው? በየዓመቱ ማን ይሰፋው ነበር?"

"ዘንድሮ እኔ የለሁማ።"

"አንቺ መቼ እምቢ ብለሽ ታውቂያለሽ?"

ሊያናድዳት ብሎ አይደለም፤ የእውነቱን ነው የጠየቃት።

የምትሰፋው ከወንድሟ የጨርቅ ሱቅ ጀርባ ባለች ክፍል ነው። እናታቸውን ያስታመመችውም እዚያው ሆና ነበር፤ ባንድ ጆሮዋ የስፌት መኪናውን፣ ባንድ ጆሮዋ የእናቷን ሳል እየሰማች። በሱቁ ደጅ አስፋልት ያልፋል። ሱሪ ሊያሳጥሩ የሚመጡ የከባድ መኪና ሾፌሮች ያ አስፋልት ባሕር ድረስ እንደሚሄድ ያወራሉ። እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ፔዳል ስትረግጥ ከወንበሯ አንድ ስንዝር አልሄደችም። እናቷ ካረፈች በኋላ በዚያ አስፋልት ባሕር ድረስ ልትሄድ ያገለገለ ብስክሌት ገዛች። መንዳቱን በልጅነቷ፣ ወንድሟ ሳያይ፣ ተደብቃ ነበር የተማረችው። "ይሄ እብደት ነው፤ ልታሰድቢን ነው" ሲላት፣ ልቡ እንዲያርፍ ብላ በየማታው ደውላ ያለችበትን እንደምትነግረው ምላ ወጣች። ቃሏንም አላጠፈች። ከነአልጋ ቤቱ ስም ነበር የምትነግረው።

ስልኩን ዘግታ ወደ ጎማዋ ተመለሰች። ከስፌቱ ስር፣ በውስጥ በኩል፣ የአሮጌ ጎማ ቁራጭ ደገፈችበት። የውስጡን ካላማዳሪ መልሳ ከተተችና በእጅ መንፊያ እየነፋች ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳበሰችው። ጎበጥ ብሏል፤ ግን ይዟል። እስከ መቼ እንደሚይዝ እሷም አታውቅም።

ውጭ ጡሩምባ ተነፋ።

"መጣ" አለች ባለቤቲቱ፤ አምልጧት።

"ማን?"

ልብስ ሰፊዋ ብስክሌቱን በጎን አልፋ ወጣች። ከግቢው በር ፊት ለፊት፣ ጎማው በጭቃ የተለወሰ ከባድ መኪና ቆሟል። ሾፌሩን አወቀችው፤ ሱሪውን ስንቴ አሳጥራለታለች።

"እትዬ! ተመስገን አገኘሁዎት። ጋሼ ናቸው የላኩኝ። ብስክሌቷን ከላይ እንጭናታለን፣ እርስዎ ከፊት ይቀመጣሉ።"

"አንተ ከየት ነው የመጣኸው?"

"ከወደብ። ጨው ጭኜ እየተመለስኩ ነው።"

"ከታች በኩል?"

"ታዲያ ሌላ መንገድ አለ እንዴ?"

"ድልድዩስ?"

"ድልድዩ ምን ሆነ?" አለ ሾፌሩ፤ ግራ ገብቶት ሁለቱን ተራ በተራ እያየ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ ባለቤቲቱ ዞረች። ባለቤቲቱ መሬት መሬት ታያለች።

"የገባሽ ለት ማታ ወንድምሽ ስልኬን አፈላልጎ ደውሎ ለመነኝ" አለች። "መኪና እስኪደርስ አቆይልኝ ብሎ አለቀሰ እኮ! ሴት ልጅ ብቻዋን፣ በዚህ ዝናብ... እኔም ፈራሁልሽ። ደግሞ ምን ልዋሽሽ፣ መቆየትሽ ደስ አለኝ።"

"መጋረጃውንስ እሳቸው ናቸው ያዘዙሽ?"

ሾፌሩ ሳቁን ለመደበቅ ወደ መኪናው ዞረ።

ልብስ ሰፊዋ ክፍሏ ገብታ አልጋው ላይ ተቀመጠች። በሩ ላይ ባለቤቲቱ አለች፤ ከእሷ ኋላ ሾፌሩ፤ በመስኮቱ የብሎኬቱ ግድግዳ። የመኪናው ወንበር ደረቅና ምቹ ነው። ብትሳፈር የሚቀየማት የለም፤ "እሰይ፣ ልብ ገዛች" ነው የሚሏት። ስፌቱ ደግሞ የመጀመሪያው ቁልቁለት ላይ ቢተረተር ማን አላት? ግን አንዴ ያ ወንበር ላይ ከተቀመጠች ዳግመኛ እንደማትነሳ ታውቀዋለች። ከዩኒፎርሙ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ አንሶላው ነግሯታል።

"ሻይ ላፍላልሽ?" አለች ባለቤቲቱ በቀስታ።

ልብስ ሰፊዋ ልትመልስላት ስትል እጇን አየችው። ክሩን መርፌ ውስጥ ከቶ፣ የመጋረጃውን ጠርዝ አጥፎ፣ መጥቀም ጀምሯል። ማንም አላዘዘውም። እሷ ራሷ አላዘዘችውም።

መርፌውን እንደተሰካ ትታው ተነሳች። ቦርሳዋን ከብስክሌቱ ኋላ አሰረች። መሪውን ይዛ ስትገፋ ባለቤቲቱ ሳትወድ በግድ ከበሩ ፈቀቅ አለች።

"መጋረጃውስ?"

"መርፌው እላዩ ላይ አለልሽ።"

ሾፌሩ በሩ ድረስ ተከተላት። "እትዬ፣ ኧረ በፈጠረዎት! ባዶ እጄን ብመለስ ጋሼ ያሳብዱኛል። ቃል ገብቻለሁ እኮ!"

ኪሷ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አውጥታ ስሙን አየችው። በየማታው ሲያነጋግራት የነበረ ድምፅ ሌላ የላትም። መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆን የምትጣራበትም ሌላ ስልክ የላትም። እየጮኸ ሾፌሩ መዳፍ ላይ አስቀመጠችው።

"እንካ። አሁን ባዶ እጅህን አትመለስም።"

"ምን... ምን ልበላቸው?"

"የቆረጡትን ይስፉት በላቸው።"

ብስክሌቷ ላይ ወጣች። ጭቃው ያዝ ለቀቅ አደረጋትና አስፋልቱ ጋ ስትደርስ ተወት አደረጋት። የተሰፋው ቦታ ጎማው በዞረ ቁጥር አንዴ ጎርበጥ ያደርጋታል። ከኋላዋ ስልኩ አሁንም ይጮኻል፤ ሾፌሩ ለማንሳት የፈራ ይመስላል። መሪዋን ወደ ታች፣ ወደ ድልድዩ አዞረች።