የያምሮት ሁለተኛ ስም

"ይህ ወረቀት የያምሮት አይደለም" አለ መምህር ስመኘው፣ የሐኪም ቤቱን ማስረጃ ወደ መስኮቱ አስጠግቶ። "ወለተ ኢየሱስ ነው የሚለው።"

ሥርጉት ቀድማ የዞረችው ወደ በሩ ነው። በሩ ገርበብ ብሏል፤ ውጭ አግዳሚው ላይ ጎረቤቷ ሀብትነሽ የልጇን መሸኛ እየጠበቀች ተቀምጣለች። በክፍተቱ የሚታየው የነጠላዋ ጥለት ብቻ ነው። ሰምታ ይሆን?

"እባክዎ ቀስ ብለው ይናገሩ መምህር" አለች።

ስመኘው ግራ ቢገባውም ተነስቶ በሩን ዘጋው። ማየትና መስማት የሚያስቸግራቸውን ተማሪዎች የሚከታተል የልዩ ፍላጎት መምህር ነው። ቢሮው ድሮ የመጻሕፍት ዕቃ ቤት ነበር፤ አሁንም የሚሸተው እሱኑ ነው። ከሥርጉት አጠገብ ያምሮት ቆማለች። በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ከጎዳው ወዲህ መጽሐፍ የምታነበው አፍንጫዋን ገጹ ላይ አስነክታ ነው። እንዲህም ሆና ስምንተኛ ክፍል ደርሳለች።

ክልላዊ ፈተናው ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ሞዴል ፈተናው ላይ ያምሮት መልስ መስጫዋን ስታጠቁር አንድ መስመር ዘለለችና ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተበላሸ። የዓይን ማስረጃ ካላት ግን ፈተናው በትልልቅ ፊደል ይታተምላታል፤ የሚያነብላት ሰው ይመደብላታል፤ ሰዓትም ይጨመርላታል። ስመኘው ይህን የነገራት ባለፈው ሳምንት ነበር፤ መብቷ እንጂ የማንም ውለታ እንዳልሆነ ሁለት ጊዜ ደጋግሞ። ሥርጉትም ደስ ብሏት ማስረጃውን ከሣጥኗ አውጥታ፣ በላስቲክ ጠቅልላ ይዛ ወደ ቡሬ መጣች።

ልጅቱን ጥር ላይ ፍኖተ ሰላም ወስደው ያስመረመሯት የሟች ባሏ ወንድም፣ ቄስ ኪዳነ ማርያም ናቸው። ሥርጉት ውቂያ ላይ ነበረች። ካርድ ክፍሉ የታማሚዋን ስም ሲጠይቃቸው፣ ቄሱ ሠላሳ ዓመት እንደለመዱት መለሱ። እሳቸው ዘንድ የታመመ ሰው የሚጠራው በክርስትና ስሙ ነው፤ ሌላ ስም እንዳለውም ትዝ አይላቸውም። ሥርጉት ደግሞ ፊደል አትለይም። አራት ወር ሙሉ የልጇን ምስጢር ማኅተም እንደተመታበት ከሰርግ ቀሚሷ ጋር አኑራው ኖሯል።

"መላ አለው" አለ ስመኘው። "ሁለቱም ስም የአንዲት ልጅ መሆኑን የሚገልጽ ቃል እጽፋለሁ፤ እርስዎና ልጅቱን የሚያውቅ አንድ የቀበሌያችሁ ሰው ትፈርማላችሁ። ዝርዝሩ ግን ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ወደ ዞን ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ምንም ማድረግ አልችልም።"

የቄሱ ስልክ ዝግ ነው፤ ዱርቤቴ ተዝካር ተጠርተው ሄደዋል። ከቀበሌው ሰው ተጠርቶ እስኪመጣ ስምንት ሰዓት ያልፋል። ግቢው ውስጥ ያለች ያገሯ ሰው አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም በሩ ሥር ተቀምጣለች።

ሥርጉት ይህን ስታስብ ሳይሏት ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

ከስድስት ዓመት በፊት እንዳለው የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበራት። በእርሻ ድንበር ከእነ ሀብትነሽ ጋር በተጣሉበት ክረምት በሦስት ቀን ሕመም ሞተ። የጤና ኬላዋ ሠራተኛ ማጅራት ገትር ነው ብላለች። ሥርጉትም ሊሆን ይችላል ብላ ነበር፣ ለቅሶ ቤት ሀብትነሽ ደረቷን እየደቃች ልጁን በክርስትና ስሙ እየጠራች ስታለቅስ እስክትሰማ ድረስ። ያን ስም ከወላጆቹና ከቄሱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሥርጉት ከዚያን ዕለት ጀምሮ እርግጠኛ ሆነች። አንድ ሰው ስሙን አሳልፎ ሰጥቶት፣ አንድ ሰው ደግሞ ደብተራ ዘንድ ወስዶ አስደግሞበት ነው። ለማንም በግልጽ አልተናገረችም፤ ግን ወንዝ ስትወርድ ሀብትነሽን ካየች መንገድ ትቀይራለች፤ የያምሮትንም የክርስትና ስም በጸሎት እንኳ ጮክ ብላ አትጠራም።

"ይቅር መምህር" አለች። "እንደ ሰው ትፈተን።"

ስመኘው ብዕሩን አስቀመጠ። የተናገረችው ያምሮት ናት፤ ወረቀቱን ከጠረጴዛው አንስታ ዓይኗ ሥር ይዛዋለች።

"እማ፣ ሞዴሉ ላይ ደወሉ ሲደወል ገና አሥራ ሦስተኛው ጥያቄ ላይ ነበርሁ።"

ሌላ አልጨመረችም። አያስፈልግምም፤ ሥርጉት የቀረውን ታውቀዋለች። አምና "ትማር" ብላ የመለሰቻቸው ሽማግሌዎች ዘንድሮም ውጤቷን ይጠብቃሉ። ልጅቱ ከወደቀች ምን ብላ ትመልሳቸዋለች? በዚያ በኩል አሥራ አምስት ዓመት ሳይሞላት የምትዳር፣ ምጣድና እሳት በቅጡ ለይታ የማታይ ሙሽራ አለች። በዚህ በኩል ደግሞ የእንዳለው መቃብር አለ። ሁለቱንም እኩል ፈራቻቸው።

ተነሳችና በሩን ከፈተች።

"ሀብትነሽ" አለች። በስድስት ዓመት ውስጥ ስሟን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነው።

ሀብትነሽ ገብታ ደፉ ላይ ቆመች። ስመኘው ለያምሮት ፈተና ምስክር እንደሚያስፈልግ አስረዳትና የጻፈውን ወረቀት ከጣት አሻራ ቀለሙ ጋር አቀረበላት።

"ይነበብልኝ" አለች። "ባሎቻችን የድንበሩን ወረቀት ሳያስነብቡ ፈርመው አይዶለም እኔና እሷ እንዲህ የሆን? ባልሰማሁት ላይ ጣቴን አላሳርፍም።"

"የክርስትና ስሟ አለበት" አለች ሥርጉት።

ሀብትነሽ ወዲያው ወደ ኋላ ሸሸች። ፊቷ ላይ የነበረውን ሥርጉት አወቀችው፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የራሷ ፊት ላይ የኖረው ፍርሃት ነው።

"እንግዲያስ አልሰማም። ነገ ልጅቱን ራሷን ቢያማት እኔ ነኝ የምታማ። ስታዪኝ መንገድ የምትቀይሪ ለምን እንደሆነ የማላውቅ መሰለሽ?"

"የእንዳለውን ስም ማን ነገረሽ?"

ጥያቄው አምልጧት ነው። ስድስት ዓመት የቋጠረችውን አንድ መምህርና አንዲት ልጅ ፊት ጣለችው።

ሀብትነሽ ትክ ብላ አየቻት። "ማን ይነግረኛል? ፍትሐቱ ላይ ቄሱ ሲጠሩት ነው የሰማሁ። ለቅስተኛው ሁሉ ሰምቷል። አንቺ ራስሽን ስተሽ ውኃ ይረጩብሽ ነበር።"

ሥርጉት ያን ቀን ለማስታወስ ሞከረች። የሬሣ ሣጥኑን ክዳን ታስታውሳለች፤ ከዚያ በኋላ ያለው ጨለማ ነው። እውነት ይሆናል። ላይሆንም ይችላል። ይህን የሚነግራት ሰው እዚህ የለም፤ ሰዓቱ ደግሞ ሰባት ሰዓት አልፏል። ስድስት ዓመት ያቀፈችው ፍርሃት በአንዲት ቃል የሚለቃት አልነበረም።

ስመኘው ጉሮሮውን ጠርጎ ሊያነብ ወረቀቱን አነሳ።

"ይተዉት መምህር" አለች ሥርጉት። "እኔው እነግራታለሁ።"

ሄዳ ሀብትነሽ አጠገብ ቆመች፤ ነጠላቸው እስኪነካካ ድረስ።

"የወንድሟን ከሞተ በኋላ ሰማሽው" አለች። "የሷን በሕይወት ሳለች ስሚው። ወለተ ኢየሱስ ነው።"

ከዚያም የቀለሙን ክዳን ከፍታ በራሷ እጅ ያዘችላት።