መርዶው እስኪደርስ

«ታዲያ ኡስማን ለምን አይደውልልኝም?» አለች እናቷ።

ነጃት ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ይዛ መርፌውን በአበባው እንቡጥ እግር አሳለፈች። «ሥራ በዝቶበት ነው፣ እማ።»

«ሱቅ ተቀምጦ ስልክ ማንሳት የሚከለክል ሥራ ምን ዓይነት ነው?»

«ኔትወርኩም አስቸግሯል።»

«አንቺ ጋ አለ፣ እሱ ጋ የለም?»

«እማ፣ ስልኬ ግሎ ሊጠፋ ነው። ነገ እናወራለን።»

ስልኩ አልጋለም። የሳዑዲዋ ጂዛን ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ስልክ ታጠፋለች፤ ነጃት ሌላ ጊዜ በዚህ ትበሳጭ ነበር፣ በዚህ ሳምንት ግን ከዚህ የተሻለ ሰበብ አላገኘችም።

ታናሽ ወንድሟ ኡስማን እሁድ ሞቷል። ከከተማው ርቆ፣ አል-ዓሪዳ ውስጥ የአሠሪውን ፍየሎች እየነዳ ሸለቆ ሲሻገር ጎርፍ ወሰደው፤ እዚያው ተቀበረ። ነጃት ቀብሩ ላይ አልደረሰችም። መንገዱ ላይ ኬላ አለ፣ እሷ ደግሞ ኢቃማ የላትም፤ መኖሪያ ፈቃድ የሌለው ሰው ኬላ ላይ ከታየ በዚያው ነው የሚቀረው።

ወሎ ያለችው እናቷ ምንም አልሰማችም። የደም ግፊት አለባት። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም፤ ማለዳ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ ሄደው፣ ዘመድ ግራና ቀኝ ይዟት ነው። ይህን የሚያደርገው የእናቷ ወንድም ሙሐመድ ኑር ግመል ሊሸጥ አፋር ወርዷል። «ጁምዓ ማለዳ ቤቷ ነኝ» ብሎ ለነጃት ላከላት። «እስከዚያ አደራሽን፣ ከአፍሽ እንዳይወጣ።»

አደራው ቀላል አልነበረም። እናቷ በየቀኑ ወደ አሥር ሰዓት ገደማ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ ትደውላለች፤ ያለቀሰ ድምፅም ለይታ ታውቃለች። ስለዚህ ነጃት አላለቀሰችም።

ቤት ለቅሶ መቀመጥም አልተቻለም። በር ላይ ጫማ ከተከመረ ጎረቤት ይጠቁማል፣ ፖሊስ ይመጣል። ለቅሶ ደራሹ ታዲያ ወደ ገበያ መጣ። ነጃት ገበያው ጥግ፣ ኻላ ሱሀይላ የምትባል የጂዛን አሮጊት ጋ አበባ በክር እየሰካች ነው የምትኖረው። ፉል ይሉታል፤ የሚበላው አይደለም፣ ነጭ፣ ሽታው ከሩቅ የሚጠራ፣ ሙሽራ ራሷ ላይ የምትደፋው አበባ ነው። እንቡጡ ሳይፈነዳ ይሰካል፣ እስኪሸጥም በረዶ ባለበት ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል።

በዚያ ሳምንት ጂዛን ያለ የአገሯ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ የሙሽራ አበባ ገዛ። አንድ በአንድ መጥተው የሚመርጡ መስለው ጎንበስ ይላሉ።

«አላህ ሰብሩን ይስጥሽ።»

«አሚን።»

«ይሄኛውን ጠቅልይልኝ።»

ግንብ የሚሠራው ኮስታራው ሙሉሰው ጉንጉኑን የት እንደሚያደርገው ቢጨንቀው፣ እንደ ገመድ ጠቅልሎ ሱሪ ኪሱ ውስጥ ከተተው። ነጃት ሳቋ መጣባት፣ አፏን በሻሿ ያዘች። ኡስማን ይህን ቢያይ ዓመቱን ሙሉ ያወራው ነበር።

ማክሰኞ ኻላ ሱሀይላ መርፌውን ከእጇ ልትወስድ ሞከረች። «ኸላስ፣ በቃ፣ ልጄ። ቤት ግቢና ተኚ።»

«ኻላ፣ ቤት ከገባሁ አብዳለሁ።»

እውነቷን ነው። የውሃ ቦቴው ማለዳ ጥሩንባውን እየነፋ ያልፋል፣ ከዓሣ ገበያው የጨረታው ጩኸት ይነሳል፣ ባንግላዴሻዊው መንገድ ጠራጊ በልማዱ «እህቴ፣ ሰላም» ይላታል። ለኡስማን ብሎ ሥራውን ያቆመ የለም። መጀመሪያ ይህ አናዷት ነበር፤ በኋላ ግን ተደገፈችበት። መርፌ፣ እንቡጥ፣ ክር። እጇ ሥራ ላይ እስካለ ድረስ ለቅሶው ባለበት ይቆይላታል።

ረቡዕ ከሚል መጣ። ከኡስማን ጋር ፍየል ይጠብቅ የነበረ ነው፣ የቀበረውም እሱ ነው። በአትክልት መኪና፣ ከሐብሐብ ኋላ ተደብቆ ነው የደረሰው።

«እናታችሁ አሁንም ሱቅ የሚሠራ ነው የሚመስላት?»

«ሙከየፍ ሥር።»

ሙከየፍ ያሉት አየር ማቀዝቀዣውን ነው። ኡስማን ለእናቱ ቀኑን ሙሉ ቅዝቃዜ ውስጥ ተቀምጬ እሸጣለሁ ብሏት ነበር። ነጃት ስትቆጣው «እንቅልፍ እንዲወስዳት ነዋ» ይላል እየሳቀ።

«አሠሪው መኪናውን አቁሞ ሲሄድ ኡስማን ይገባና ሙከየፉን ያበራዋል» አለ ከሚል። «ንፋሱ እንዲሰማት በሩን ዘግቶ ይደውላል። እኔ ውጭ ፍየሎቹን ዝም አሰኛለሁ።»

«ፍየል ዝም ይላል?»

«አይልም። አንድ ቀን ሰማችና ምንድን ነው አለችው። ደንበኛ ነው አላት።»

ነጃት ሳቀች። ሳቁ መሀል ላይ ሊገለበጥባት ሲል ስልኩ ጮኸ። እናቷ ናት፣ ከሰዓቷ ቀድማ።

«የልጄን ድምፅ ዛሬ ካልሰማሁ ውሃ አልቀምስም። ወይ ይላክልኝ፣ ወይ ወጥቼ ሰው እጠይቃለሁ።»

ከሚል ሁሉንም ሰምቷል። «የድሮ ድምፁ አለሽ አይደል? አንዱን ላኪላት። ሰው ብትጠይቅ መንገድ ላይ ነው የሚያረዷት።»

ድምፁ ነጃት ስልክ ላይ አለ። መስመር ሲጨናነቅ ኡስማን ለእናቱ የሚለውን በእሷ በኩል ይልክ ነበር። ጆሮዋ ላይ አስጠጋችው። መጀመሪያ ንፋሱ መጣ፣ ከዚያ እሱ። «እማ፣ ደህና ነኝ። ሙከየፍ ሥር ነኝ። አታስቢ።»

ጣቷ መላኪያው ላይ ቆመ።

«ረቡዕ ድምፁን ሰምታ፣ ጁምዓ ላይ እሁድ ሞቷል ብንላት ማንን ትመን?» አለች። «በሕይወቱ የዋሻት ይበቃዋል። ሞቶ አላስዋሸውም።»

የራሷን ድምፅ ቀድታ ላከች። «እማ፣ ኡስማን ያለበት ቦታ ስልክ አያስደውልም። እስከ ጁምዓ ታገሺኝ። ሰው አትጠይቂ። ውሃ ጠጪ።» ውሸት የለበትም፤ ያስፈራትም ይኸው ነው።

መልስ አልመጣም። ሐሙስ አሱር አለፈ፣ እናቷ አልደወለችም። ነጃት ጨርሳ የሰካችውን እየፈታች እንደገና ሰካች፤ ኻላ ሱሀይላም አይታ እንዳላየች ሆነች።

ጁምዓ ማለዳ አጎቷ «ተረድታለች» ብሎ ላከ። ከዚያ በላይ አልጨመረም።

ከአሱር በኋላ፣ በተለመደው ሰዓት፣ ስልኩ ጮኸ። ከበስተኋላ የሴቶች ለቅሶ ይሰማል።

«ፍየል ነበር የሚጠብቀው?» አለች እናቷ።

«አዎ፣ እማ።»

«ፍየሉማ እዚህም ነበረ።»

ነጃት አንድ እንቡጥ ክሩ ላይ ጨመረች።

«አሁን ምን እየሠራሽ ነው?»

«አበባ እየሰካሁ።»

«ሥሪ። ግን አትዝጊብኝ።»

ስልኩ በዚህ ጊዜ የምር ግሏል፤ ሊጠፋ እንደሆነ መስታወቱ ላይ ጽፏል። ነጃት ተነሥታ የበረዶ ሣጥኑን ከፈተች። እንቡጦቹን በእጇ ገለል አድርጋ፣ ድምፁን ከፍ አድርጋ፣ ስልኩን መሀላቸው አስቀመጠችው። ክዳኑን ገርበብ አድርጋ ተወችና፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ፣ መርፌዋን ሳታነሣ፣ ከእናቷ ጋር አለቀሰች።