የካምፔንግ ምሳ

«ካምፔንግ፣ ተነሥ ወንድሜ፤ ምሳህ ቀርቧል፣ ሳይቀዘቅዝ ብላ።»

እትዬ ቶንግባይ የወንድማቸውን ሬሣ ሣጥን በጣታቸው አንጓ ኳ ኳ አድርገው፣ የላፑን ሳህን ከራስጌው አኖሩ። በሎሚና በተቆላ ሩዝ ዱቄት የታሸ የበሬ ሥጋ ክትፎ ነው፤ ሽታው አፍ ያስከፍታል። ከድንኳኑ ሥር ጎረቤቱ ካርታ እየጣለ ይሳሳቃል። በእኛ ሰፈር ሬሣ ያደረበት ቤት ጭር አይልም፣ ሟችን ይከፋዋላ። የሟች ሚስት ላምዱአን ግን ያን ሁሉ ሳቅ እየሰማች፣ ሜዳ ላይ የተጣለች ያህል ብቻዋን ነበረች።

«አይበላውም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«የኑድል ሾርባ ከሌለው እህል አይወርድለትም። ከሞተ ጀምሮ ጦሙን ነው ያለው፣ እትዬ። ዛሬ ከሰዓት ደግሞ ልናቃጥለው ነው። እንዴት በባዶ ሆዱ ይሄዳል?»

«ኑድል በለቅሶ ቤት? በስመ ቡድሃ! ክር የመሰለ ምግብ ቋሚን ከሟች ጋር ያስራል፤ አንዱ ሌላውን እየጎተተ ይወስዳል። ይኼን አጥተሽው ነው?»

«ዕድሜ ልካችንን ኑድሉን አብልቶን፣» አለ ጎረቤታቸው ፕራሰርት ከካርታው ቀና ብሎ፣ «በገዛ ለቅሶው ሽታው ይናፍቀን? ወይ ግሩም!»

«አንተ ካርታህን ጣል!» አሉት እትዬ ቶንግባይ። ሰዉ ሳቀ።

ላምዱአን አልሳቀችም። ካምፔንግ ጋሪውን እየገፋ፣ ሁለት የቀርከሃ ቁራጮች እያጋጨ፣ ከወንዙ ዳር እስከ ገበያው ኑድል ሲሸጥ ነው የኖረው። ቀርከሃውን የሰማ ሁሉ ሳህን ይዞ ይወጣል። ማታ ሲመለስ በር አያንኳኳም፤ ደጁ ላይ ቆሞ ቀርከሃውን ሦስት ጊዜ ቋ ያደርገዋል። ተኝታም ቢሆን ትነሣለች። ልጅ አልወለዱ፣ ሌላ የሚቀሰቀስ ሰው የለ። ከድስቱ ሥር የተረፈችውን በአንድ ሳህን ለሁለት ይበሏታል። ሁልጊዜ አንዲት ቁራጭ ሥጋ ትኖራለች፤ እሷንም በማንኪያው ጫፍ ወደ ሚስቱ ይገፋታል።

«ብዪያት። እኔ ጥርሴን አሞኛል።»

«ውሸታም! ጠዋት አጥንት ስትቆረጥም አይቼሃለሁ።»

«ጠዋት አላመመኝማ።»

ላምዱአን ተነሥታ ወደ ማድ ቤት ገባች። ከሰሉን አቀጣጠለች፣ አጥንቱን ጣደች። ሾርባው ሲንተከተክ ነጩን ኑድል ከፌስታሉ አውጥታ ቀቀለች። እትዬ ቶንግባይ ከኋላዋ ደረሱ።

«አንቺ ሴት፣ ለይቶልሻል? ቢጎትትሽስ?»

«ማንን ይጎትታል? ልጅ የለን፣ ዘመድ የለኝ። እኔን ነው። ይጎትተኛ!»

እትዬ ቶንግባይ ይቺ ልጅ ኑድሉን ለሟች ብቻ እንዳልቀቀለችው አሁን ገባቸው። በርጩማው ላይ ቁጭ አሉ።

«ዛሬ አንድ ወንድሜን አቃጥላለሁ» አሉ። «ሁለተኛ አልችልም፣ ልጄ። አቅሙ የለኝም።»

ከዚያ መክተፊያውን ሳቡና፣ የተቀቀለውን ኑድል እንደ ሽንኩርት ከተከቱት። አንዲት ረዥም ዘለላ እንዳታመልጥ በጣታቸው እየፈለጉ ከተፉ።

«አጭር ከሆነ አያስርም። እሱ ይብላ፣ አንቺ ግን ትቀሪያለሽ።»

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«እኔ ነኛ! ለእኔ ስትይ ትቀሪያለሽ።»

ላምዱአን ሾርባውን ከኑድሉ ጋር በዚያችው የሁለታቸው ሳህን ቀዳች፣ ከጋሪው ላይ ቀርከሃውን አነሣች፣ ከሣጥኑ አጠገብ ተንበረከከች።

ቋ። ቋ። ቋ።

ካርታ የሚጥል ጠፋ። ፕራሰርት ሳያስበው ከወንበሩ ብድግ ብሎ ነበር፤ መልሶ ተቀመጠ። ላምዱአን ጠበቀች። እሱ ሲያጋጨው እሷ ያልተነሣችበት ቀን የለም። አሁን ግን ከሣጥኑ ውስጥ ምንም አልተሰማም።

ማንኪያውን አነሣች። አንዷ ቁራጭ ሥጋ ከእሷ በኩል ቀርታለች። በማንኪያው ጫፍ ቀስ አድርጋ ወደ እሱ በኩል ገፋቻት።

«ብላት» አለችው፤ «እኔ ጥርሴን አሞኛል።»