ክፍት የቀረው የፋኖስ ጎን

«ወንድምሽ ምን ቀለም ይፈልጋል?»

እናቴ ይህን የጠየቀችኝ ጠዋት፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ ነበር። ከሰዓት ደግማ ጠየቀችኝ። በማግስቱም የዱቄት ሙጫ እያማሰለች፣ ወደ እኔ ሳትዞር፣ «ያ ልጅ ቀለሙን አልነገረሽም?» አለች። አልነገረኝም። መልእክት ልኬለታለሁ፣ አንብቦታል፣ ዝም ብሏል። ወንድም ጋሼ ባሕር ማዶ ከሄደ ጀምሮ «ዝም አይነቅዝም» የሚለውን ተረት የኑሮ መመሪያው አድርጎታል።

በዓል ሲቃረብ በሰፈራችን እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ የለም። ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ሁላችንም «መሪው» የምንለው፣ ከዘይት ቆርቆሮ ኮከብ ይቆርጣል፤ የመቀሱ ድምፅ ከማለዳ ጀምሮ ጥርስ ያፋጫል። ልብስ ሰፊዋ ቁርጥራጭ ጨርቅ ጎንጉና ከመስኮት መስኮት ትዘረጋለች። ፎቅ ላይ ያሉት እህትማማቾች የእንቁላል ቅርፊት ቀለም ይቀባሉ፤ ግማሹ ደረጃው ላይ ይሰበርና የምጠርገው እኔ ነኝ።

እኛ ቤት የሚሠራው ፋኖስ ነው። አጥንቱ ሽቦ፣ ልብሱ ጨርቅ፣ ሆዱ ውስጥ አምፖል ያለው፣ አራት ጎን ትልቅ ፋኖስ፤ ከበራችን በላይ ይሰቀላል። አንዱ ጎን የእናቴ፣ አንዱ የአባቴ፣ አንዱ የወንድሜ፣ አንዱ የእኔ ነው። ሁሉም የጎኑን ቀለም ራሱ ይመርጣል፤ ለሌላ ሰው መምረጥ ክልክል ነው። አባቴ ከሞተ በኋላ እንኳ የእሱ ጎን በመጨረሻ ከመረጠው ቡናማ ፈቀቅ አላለም። አምፖል የሚቀየረውም በእሱ በኩል ነው። «ድሮም በር ሲንኳኳ የሚከፍተው እሱ ነበር» ትላለች እናቴ።

እኔ ሩቅ አገር የሕንፃ ንድፍ ተምሬ ነው የተመለስኩት። ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ሥራ ጀምሬ ትቻለሁ፤ ሁለተኛውንም ልተወው እያኮበኮብኩ ነው። «ምነው ተመለስሽ?» ለሚለኝ ሰው በየቀኑ የተለየ መልስ እሰጣለሁ፤ አንዱም ለራሴ አይጥመኝም። ዘንድሮ ሽቦውን እኔ ልጠምዝዘው ያልኩት፣ ቢያንስ አንድ የጀመርኩትን ነገር ልጨርስ ብዬ ነው።

ሽቦው ቀጥ ብሎ ቆመልኝ። የእናቴን ቀይ፣ የአባቴን ቡናማ፣ የእኔን ቢጫ አለበስነው። ከዚያ ሥራው ቆመ። ፋኖሱ አንድ ጎኑ ክፍት እንደሆነ የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ይዞ ተቀመጠ። ሳህናችንን ጉልበታችን ላይ አድርገን መብላት ጀመርን። ሙጫው በረጋ ቁጥር እናቴ ሌላ ታማስላለች። የሚያልፈው ጎረቤት ሁሉ አንገቱን በመስኮት ያስገባል።

«ይሄ አፉን የከፈተው ማንን ሊውጥ ነው?» አለ መሪው።

«የልጄን ቀለም እየጠበቅን ነው» አለች እናቴ።

«ቀለሙ በእግሩ ነው እንዴ የሚመጣው?»

«አንተ ቆርቆሮህን ቁረጥ።»

እሱ ሲሄድ፣ «እማዬ፣ እንዳምናው ነጭ ብናደርገውስ?» አልኳት። እኔ ርቄ በነበርኩባቸው ዓመታት የወንድሜም የእኔም ጎን ነጭ እንደነበር በፎቶ አይቻለሁ።

«አምና አልጠየቅኩትም» አለች። «ዘንድሮ ጠይቄዋለሁ።»

ይህ ምን ዓይነት መልስ ነው? መረረኝ። አንድ ክንድ የማትሞላ ጨርቅ ቤቱን ሙሉ አስራ ያዘችው። በማግስቱ እንደገና «ያ ልጅ...» ብላ ስትጀምር፣ ከአፏ ነጥቄ «ሰማያዊ ብሏል» አልኳት።

ማማሰያው ቆመ። «ራሱ ነው ያለው?»

«ጽፎልኛል።»

«ሰማያዊ» አለች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሙጫው ከማማሰያው ጉልበቷ ላይ ሲንጠባጠብ አላየችውም። እኔ ግን በልቤ «ተገላገልኩ» እያልኩ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ሰማያዊ ጨርቅ ፍለጋ ወደ ልብስ ሰፊዋ ሄድኩ። የምትሠራው ከመስኮቱ ሥር በተጠጋ አሮጌ የስፌት መኪና ነው፤ ወለሉ በክር ቁራጭ ተሸፍኗል። መርፌ ቁልፍ በከንፈሯ ይዛ ነበር፤ እንዳየችኝ አወጣችው።

«እሰይ፣ እንኳን ደስ ያለሽ!»

«ለምኑ፣ እትዬ?»

«ወንድምሽ ሊመጣ አይደል? እናትሽ አሁን ነው የወጣችው። ለክፍሉ መጋረጃ አዝዛኝ።»

«ይመጣል ያላት ማነው?»

«አንቺ ነሻ! ቀለም መርጧል ብለሻት የለ?» ከላይ እስከ ታች አየችኝ። «የኔ ልጅ፣ እናንተ ቤት ቀለም የመረጠ ፋኖሱ ሲሰቀል ገመድ ይይዛል። ሊሰቅለው የማይመጣ ሰው አይመርጥም። ያንቺ ጎን ያን ሁሉ ዓመት ነጭ የነበረው ለምን መሰለሽ?»

«ቀለም ብቻ መስሎኝ...»

«ቀለም ብቻ ቢሆን ቀን በቀን ትነዘንዝሽ ነበር? ባለፈው ሲደውልላት 'ዘንድሮ እናያለን' ብሏታል። ከዚያ ወዲያ ልጇን ትመጣለህ ወይ ብላ መለመን ከበዳት። በቀለም ጠየቀችው።»

መዋሸቴን ነገርኳት። ለሌላ ሰው አልነግርም ነበር፤ ከአፌ አመለጠኝ። መርፌ ቁልፏን ጨርቁ ላይ ሰካችው። «ስፌት ቢሆን ፈትቼ አስተካክልልሽ ነበር» አለች። «ዛሬውኑ ንገሪያት። እኔም መጋረጃውን አልቆርጠው።»

መንገዱን ሙሉ ስናደድ ሄድኩ። በእናቴ ተናደድኩ፤ እዚህ ቤት የፈለገውን ነገር በስሙ የሚጠራ ሰው የለም። በወንድሜ ተናደድኩ፤ አንዲት «አልመጣም» የምትል ቃል ስንት ታስወጣዋለች? ከሁሉ በላይ በራሴ። ያደግኩበትን ቤት ሕግ ከጎረቤት መስማቴ አንገበገበኝ።

ስገባ ፋኖሱ ሊዘጋ ምንም አልቀረውም። አራተኛው ጎን ላይ እናቴ ሰማያዊ ጨርቅ ወጥራለች፤ ለሰው ሠርግ የምትለብሰው ቀሚስ ነበር። የተረፈው፣ አንድ ወገኑ ተገምሶ፣ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏል። በወንድሜ ክፍል በር በኩል ፍራሹ ግድግዳ ተደግፎ ሲናፈስ ይታየኛል።

«እማዬ፣ ይሄ ቀሚስሽ አይደለም?»

«ሌላ ሰማያዊ የለኝም።»

«እንገዛ ነበር እኮ።»

«ከሱቅ የመጣ ሰማያዊ የማን እንደሆነ በምን ይታወቃል? ነይ፣ ያን ጫፍ ያዥልኝ፤ ሙጫው ሳይደርቅ።»

ያዝኩላት። ጨርቁ እርጥብና ቀዝቃዛ ነው፤ ሙጫው ጥፍሬ ሥር ገባ።

«እማዬ... ሥራ ይዞት ሳይመጣ ቢቀርስ?»

«ቀለም መርጧል እኮ» አለች፣ ለሕፃን እንደምታስረዳ። «በሌላው ነገር ስንቴ ዋሽቶኛል። አባትሽም ዋሽቶኝ ያውቃል፣ ነፍሱን ይማረው። በዚህ ግን በቤታችን የዋሸ የለም።»

ልናገር አፌን ከፈትኩ። እሷ በሁለት አውራ ጣቷ ጨርቁን ሽቦው ላይ እያሸች ታለሰልሳለች፤ ስትስቅ የማላውቀውን ዓይነት ሳቅ ለራሷ ትስቃለች። አፌን ዘጋሁት። ሙጫው እስኪይዝ ድረስ፣ የዋሸሁትን ውሸት በገዛ እጄ ጨብጬ ቆምኩ።

ከዚያ ደረጃው ላይ ወጥቼ ተቀመጥኩና ስልኬን አወጣሁ። ብዙ ጊዜ ጽፌ አጠፋሁ። በመጨረሻ ይህን ጻፍኩ፦

«ወንድም ጋሼ፣ ሰማያዊ መርጠሃል ብዬ እማዬን ዋሽቻታለሁ። መምረጥ እመጣለሁ ማለት መሆኑን አላወቅኩም ነበር። አንተ ግን ታውቃለህ፤ ዝም ያልከውም ለዚህ ነው። ለሰው ሠርግ የምትለብሰውን ቀሚስ ቆርጣልሃለች፣ ፍራሽህን አናፍሳለች። ከመጣህ ለእኔ አትንገረኝ፣ ለእሷ ደውልላት። ካልመጣህም ለእሷ ደውልላት። የእኔን ውሸት እኔ እነግራታለሁ፤ ያንተን መቅረት ግን ከእኔ አፍ እንድትሰማው አታድርግ።»

ላክሁት። ደረሰው። አነበበው። ውሸቴን ለእማዬ ነገርኳት። በዓሉ መጥቶ ሄደ፤ የእሱን ገመድ የያዘ የለም፤ እስከ ዛሬም አልመለሰልኝም።