አየሩ ጠርቷል

ሳሌሃ የወፍጮውን ሞተር አስነስታ በርበሬውን እየሞጀረች፣ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ይዛ ትጮኻለች።

"አባ፣ ይምጡ ስልዎት! ወላሂ አየሩ ጠርቷል። ቡታጅራ እንዲህ ሆና አታውቅም!"

አባቷ ሀቢቡ አስም አለባቸው። የወፍጮ ቤቱ ብናኝ ደረታቸውን ቢዘጋው፣ ካቻምና መስቃን ገጠር፣ ከድሮ ወደሚባለው ወንድ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ። ሳሌሃን ናፍቆታቸው ሊገድላት ደርሷል።

ደግሞ አየሩ ጠራ የምትለው እሷ ብቻ አይደለችም። ኮሮና መጣ ተብሎ መኪናው ከቆመ፣ ባጃጁም ከጠፋ ወዲህ የከተማው ወሬ ይኸው ነው። የዘቢዳር ተራራ ሌሊት ሌሊት ወደ ከተማው የሚጠጋ ይመስላል። አንዱ "ፈጣሪ ምድሩን አጠበው" ይላል፤ ሌላው "እንዲህ የጠራ አየር ደግ አይደለም" ብሎ መስኮቱን ይዘጋል። ሰው መቼም የሚለው አያጣም! ሳሌሃ ግን በአፍንጫዋ አረጋግጣለች። ዕድሜዋን ሙሉ ከልብሷ፣ ከፀጉሯ፣ ከትራሷ ሳይቀር የማይለቀው የበርበሬ ሽታ ሰሞኑን ድራሹ ጠፍቷል። ትናንት ትራሷን ደጋግማ አሸተተችው፤ ምንም የለም። ደስ አላት፤ ትንሽም ፈራች።

እኩለ ቀን ላይ ጎረቤቷ ሰርካለም ልታስፈጭ መጣች። ገና በሩን ስታልፍ ማስነጠስ ጀመራት።

"በስመ አብ! ኧረ መስኮቱን ክፈቺው፣ ልትፈጂን ነው?"

"ምን ሆነሻል? አየሩ እኮ ጠርቷል።"

"የት አባቱ ይጠራል! እቤቴ ድረስ ይሸታል!"

ሳሌሃ ሳቀች። "በርበሬው እኮ ጭራሽ መሽተት ትቷል።"

ሰርካለም አልሳቀችም። ወደ ኋላ ሸሸት አለች። ከቦርሳዋ ለኮሮና መድኃኒት ብላ የያዘችውን ነጭ ሽንኩርት አወጣችና ወንበር ላይ አኖረችው።

"እስኪ ይሄን አሽቺው" አለች፣ ዓይኗን ከእሷ ሳትነቅል።

ሳሌሃ አሸተተችው። ቀጥላ በጥርሷ ሰበረችው። ሻማ የማኘክ ያህል ነበር። ቀና ስትል፣ በመስኮቱ በገባው ፀሐይ ውስጥ ቀዩ ብናኝ እንደ ወትሮው ቤቱን ሞልቶ ይዋኛል። ያልሸተተው ለእሷ ብቻ ነው።

"ሳሌሃ፣ በሬዲዮ ሲናገሩ አልሰማሽም? ሽታ የጠፋበት ሰው..." ሰርካለም ሳትጨርሰው ወጣች፤ በርበሬዋንም እዚያው ጥላ።

ሳሌሃ ሞተሩን አጠፋች። ጭር ባለው መንገድ ላይ የጋሪ ኮቴ ከሩቅ ተሰማት። እየቀረበ፣ እየቀረበ መጣና ደጇ ላይ ቆመ።

"አሰላሙ አለይኩም! ሳሌሃ! የት አለሽ ልጄ?"

ያ አላህ! ሮጣ የቆርቆሮውን በር ከውስጥ ቀረቀረችው።

"አባ፣ እንዳይገቡ!"

"ምነው? እኔ ነኝ እኮ!"

"አወቅኩዎት። ወደ ወንድሜ ወደ ከድሮ ይመለሱ፤ አሞኛል።"

"አሞሽማ ጥዬሽ አልሄድም! ክፈቺ!"

ሽማግሌው ፊታቸውን የበሩ ስንጥቅ ላይ ለጠፉ። አንድ ዓይናቸውና ነጭ ጢማቸው ይታያታል፤ ደረታቸው ሲያፏጭ ትሰማለች። ሁለት ዓመት የናፈቀችው ፊት ነው። ትንፋሿን ያዘች። ሻርፗን ከራሷ አወረደች፣ ጠቀለለችና እንባዋ እየወረደ ስንጥቁን ጠቀጠቀችው።