ከጀዊሪያ ኋላ ያለው አጥር

ሸፊ የቀጨኔን ሰው ሁሉ ፎቶ ሲያነሳ ኖሮ ጀዊሪያ ላይ ሲደርስ እጁ ተያዘ። ይኸው ነው ጉዱ!

የጀዊሪያ አባት ሐጂ ያሕያ እዚያው ሰፈር ሱቅ አላቸው። ደሴ ያለ አንድ የጨርቅ ነጋዴ ልጃቸውን ለልጁ ጠይቋቸው፣ ፎቶዋን እንዲልኩለት ይጠብቃል። ሐጂም ሩቅ ምን አስኬደኝ ብለው የጎረቤታቸውን ልጅ ሸፊን ጠሩ። ሸፊ ጀዊሪያን እንደሚወዳት ከሐጂ በቀር የማያውቅ የሰፈር ሰው አልነበረም። እሷም ታውቃለች። እሱ ግን፣ ኧረ ምን አፍ አለውና!

ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የጀዊሪያ ፊት በእንፋሎት ውስጥ ያለ ይመስል ደብዝዟል። ከኋላዋ ባለው ቆርቆሮ አጥር ላይ ቀበሌ የጻፈው መፈክር ግን ቁልጭ ብሎ ይነበባል፤ «አብዮታዊት እናት ሀገር ወይም ሞት!» ደግሞ ቢያነሳት፣ ያው።

«ሰውየው ልጄን ጠይቆኝ ‹ወይም ሞት› ብዬ ልላክለት?» አሉ ሐጂ። «ካልተስተካከለ ፒያሳ ፎቶ ቤት እወስዳታለሁ። በቃ!»

ሸፊ ጭንቅ ያዘው። ፎቶውን ካሳመረው ደሴ ይሄዳል፤ ካበላሸው ፒያሳ ያሳምሩትና ያው ደሴ ይሄዳል። በየትም በኩል ጀዊሪያ ከእጁ ወጣች ማለት ነው። ቢሆንም ስሙ አብሮ እንዳይጠፋ ካሜራውን መመርመር ጀመረ።

አሮጌው የሩሲያ ካሜራ አመል አለው። በማያው መስኮት ሲያዩበት አንዱ ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፤ ሁለቱ እስኪገጥሙ ፊቱን ትክ ብሎ እያዩ የሌንሱን ቀለበት ማዞር ነው። ሸፊ ሌንሱን በጥጥ ጠረገ። የባሕር ዛፍ እንጨቶች አንዱን ከአንዱ ኋላ አሰልፎ መሀለኛው ላይ አጋጥሞ አነሳ። ሲያጥበው መሀለኛው ልጡ ሳይቀር ይታያል። ሐጂን ራሳቸውን እዚያው አጥር ሥር አስቀምጦ አነሳ፤ የጺማቸው ሽበት አንድ በአንድ ወጣ። ካሜራው ምንም አልሆነ!

«ቆይ እስቲ፣» አሉ ሐጂ ጀዊሪያ እንደገና ስትቀመጥ። «የእሷን ስታነሳ ቀለበቱን የምታዞረው ምኑን እያየህ ነው?»

ሸፊ አንገቱን ደፋ። «አጥሩን።»

«አጥሩን! ለምን ሲባል?»

«እርስዎ አጠገቤ ቆመው ልጅዎን ትክ ብዬ ልያት? አፈርኩ እኮ፣ ሐጂ!»

ጀዊሪያ ሳቋ አመለጣት። «ውይ! እኔ በመንገድ ሳልፍ በር ላይ ተገትሮ የሚያየኝ ሌላ ሰው ነው እንዴ? እየኝ እንጂ!»

ሐጂ አንዴ እሷን፣ አንዴ እሱን አዩ። ሸፊ ላብ በላብ ሆኖ ካሜራውን አነሳ፤ አያት። ሁለቱ ጀዊሪያዎች እየተጠጉ መጥተው ገጠሙ። እሷም ሳቋን አልጨረሰችም ነበር።

በማግስቱ ሐጂ ሸፊ ያመጣላቸውን ፎቶ ይዘው ሱቃቸው በር ላይ ቆሙ። ልጃቸው ዓይኗ፣ ጥርሷ፣ የሻሿ አበባ ሳይቀር ጥርት ብሏል። አባቷ ሲሆኑ እንዲህ ስትስቅ አይተዋት አያውቁም።

«መፈክሩ ደብዝዟል፤ የቀበሌ ሰው እንዳያይብህ፣» አሉ መጨረሻ ላይ።

«እሺ፣ ሐጂ። ፖስታ ቤት ላድርስልዎ?» አለ ሸፊ።

«ልጄ አንተን እያየች የሳቀችውን ለማን ነው የምልከው?» ፎቶውን ደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። «ሂድ፣ አባትህን ሽማግሌ ይዞ ይምጣ በለው።»